ልብ ሲታመምና ክብደት ሲበዛ ጡንቻን ማጠንከር፦ በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚጀምሩ

ጡንቻን ማጠንከር ማለት ሰውነት ከለመደው ጥቂት ከፍ ያለ ሸክም እንዲችል በልክ ማለማመድ ነው። ሸክሙ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ውኃ የተሞላ ሃይላንድም ይሆናል፤ ለጀማሪ ደግሞ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ልቡን የሚያመውና ክብደቱ የበዛ ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ አትድከም፣ ዕረፍ። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ምክሩ ልክ ነው። ሕመሙ ከረጋ በኋላ ግን ዓመት ሙሉ መቀመጥ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ያመነምናል። ጭኑ የመነመነ ሰው ከወንበር ሲነሳ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ከባጃጅ ሲወርድ እንኳ ቁና ቁና ይተነፍሳል። የጠነከረ ጡንቻ ያንኑ ሥራ ልብን ብዙ ሳያስጨንቅ ይሠራዋል፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳርም በተሻለ ይጠቀማል።

ትልቁ አደጋ ያለው ትንፋሽን ቋጥሮ በማማጥና በመቸኮል ላይ ነው። ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲያምጥ የደም ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲለቀው ደግሞ ድንገት ይወርዳል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል፤ የደከመ ልብ ወይም የጠበበ የልብ በር ላይችለው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተሰናዱት ይህን አደጋ ለማራቅ ነው። አንዱን ዘሎ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም።

1. ሐኪም ማየትና በትክክል መጠየቅ

ክብደት በኪሎ ተወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈልና ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቱ 85 ኪሎ የሆነ ሰው 31 ላይ ነው። ይህን ማንም ቤቱ ማስላት ይችላል። የልብን ሁኔታ ግን በግምት ማወቅ አይቻልም። የደም ግፊት፣ የልብ ድካም፣ የልብ በር መጥበብ ወይም ማፍሰስ፣ የልብ ደም ሥር መጥበብ ሁሉም በሕዝብ አፍ "የልብ ሕመም" ይባላሉ፤ የሚፈቅዱት የእንቅስቃሴ መጠን ግን ይለያያል። በተለይ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን በር የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም በአገራችን ወጣቶችንም ስለሚይዝ፣ ዕድሜ ትንሽ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የመጀመሪያው ጉዞ ክትትል ወዳለበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ወዳለው አጣጥ ሆስፒታል ወይም ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ይኬዳል። ቀድሞ የተነሳ ኢሲጂ፣ የኢኮ ውጤትና የመድኃኒት ካርቶኖች ሳይረሱ ይያዛሉ።

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት "ስፖርት ልሥራ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ለሩጫም፣ ለኳስም፣ መቶ ኪሎ ለመግፋትም ይሆናል፤ ሐኪሙ ለየትኛው እንደሚመልስ አይታወቅም። የሚሻለው በዝርዝር ማስረዳት ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ግማሽ ኪሎ ማንሳት። ቀጥሎም ሦስት ነገሮች ተጠይቀው በወረቀት ይጻፋሉ፦ የልብ ምት እስከ ስንት ድረስ ቢደርስ ችግር የለውም፣ ጨርሶ መደረግ የሌለበት እንቅስቃሴ የትኛው ነው፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት ይወሰድ።

2. ለጊዜው መጀመር የሌለበትን መለየት

በዕረፍት ላይ ሳለ ደረቱን የሚያመው ወይም የደረት ሕመሙ ሰሞኑን እየባሰ የመጣ፣ እግሩ እያበጠ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የልብ ምቱ የተዛባና ያልተስተካከለ፣ ራሱን ስቶ የወደቀና ምክንያቱ ያልታወቀለት፣ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ የሚያስወጣው የልብ በሩ በጣም የጠበበ፣ ትኩሳት ያለበት ወይም ልቡ ቆስሎ የሚታከም ሰው መጀመሪያ ሕክምናውን ይጨርሳል። በዕረፍት የተለካ ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በዚያ ቀን አይንቀሳቀስም፤ ወደ ሕክምና ይሄዳል። 160 በ100 የደረሰ ደግሞ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ እንደገና ይለካል፤ ካልወረደ ቀኑን ይዘልና ለሐኪሙ ይነግራል። ደረቱ ተከፍቶ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የደረት አጥንቱ እስኪገጥም ወራት ስለሚፈልግ፣ በእጅ መግፋትም መጎተትም የሚጀምረው ቀዶ ሐኪሙ በግልጽ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ስለ ግፊት መለኪያው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ክንዱ የወፈረ ሰው በትንሽ የክንድ መጠቅለያ ሲለካ ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል። ሰፊ መጠቅለያ እንዲፈለግለት መጠየቅ መብቱ ነው፤ አለበለዚያ ሌላው ስሌት ሁሉ ይበላሻል።

3. መድኃኒትና እንቅስቃሴን ማስማማት

አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል የሚወስድ ሰው የልብ ምቱ ዝግ ስለሚል፣ ምት ቆጥሮ ድካምን መለካት ያታልለዋል፤ ለእርሱ የሚሻለው ከታች የተገለጸው የንግግር መለኪያ ነው። ፉሮሴማይድን የመሰለ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው በበጋ ቀትር ላይ ቢለማመድ ፈሳሽ አንሶት ሊያዞረው ይችላል። ምን ያህል ውኃ መጠጣት እንዳለበት ሐኪሙ ከወሰነለት ግን፣ ላበኝ ብሎ ያንን መጠን በራሱ ፈቃድ ማለፍ የለበትም። ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንቅስቃሴውን እንደጨረሰ ድንገት ቆሞ ከመቅረት ይልቅ ቀስ እያለ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይራመዳል፤ ድንገት ሲቆሙ ነው ብዙዎች ዓይናቸው ጭልም የሚለው።

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከመውደቅና ከመጋጨት ይጠበቃል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ፣ የሚያዳልጥ ወለል ላይ አይለማመድም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ስኳሩ ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይበላል፤ ለክፉ ቀን ከረሜላ በኪሱ ይይዛል። ለሩማቲክ የልብ ሕመም በየወሩ ገደማ የሚወጋው ፔኒሲሊን በፍጹም አይቋረጥም፤ በተወጉበት ቀን ግን መቀመጫን ስለሚያም እንቅስቃሴውን ለሌላ ቀን ማዛወር ይቻላል።

ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል። ቅሞ ብርታት የተሰማው ሰው የድካሙን ምልክት አይሰማውም፤ ስለዚህ በተቃመበት ቀን ሸክም አይነሳም። ልቡ ለታመመ ሰው ከነጭራሹ መተው እንደሚሻል ለመናገር ማመንታት አያስፈልግም።

4. ቦታ፣ ሰዓትና ዕቃ

የሚመች ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ወይም ፀሐይ ሲበርድ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ምግብ ከተበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ማለፍ አለበት፤ ክትፎ ወይም ሌላ ቅቤ የበዛበት ምግብ ከሆነ ከዚያም በላይ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖር መልካም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻን መሆን አይመከርም። ስልክ በቅርብ ይቀመጣል፤ የቅርቡ ሆስፒታል ወይም የወረዳው አምቡላንስ ቁጥርና የቀይ መስቀሉ 907 አስቀድመው ይመዘገባሉ።

ዕቃው ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ወንበር፦ መደገፊያ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ። ዱካና በርጩማ ለጀማሪ በጣም ዝቅ ይላሉ፤ ከእነርሱ ላይ መነሳት ያስምጣል። የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ከባድ ሰው ሲጫነው እግሩ ይከፈታል፣ በሊሾ ወለል ላይም ይንሸራተታል።

ሃይላንድ፦ የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ውኃ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፤ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ 800 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዱምቤል አይገኝም። ሸክሙ በትንሽ በትንሹ የሚጨመር መሆኑ ዋናው ጥቅሙ ነው።

ካላማዳሪ፦ አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ከጎሚስታ ይገኛል። የአየር መሙያው ብረት ተቆርጦ ይወጣል፤ ላስቲኩ ታጥቦ ወደ ብርሃን ተዘርግቶ ይታያል። ስንጥቅ ካለበት ይጣላል፤ ተበጥሶ ፊት ላይ ሊመታ ይችላልና።

ጫማ፦ ጀርባው የታሰረና የማያዳልጥ። በነጠላ ጫማ መለማመድ የመውደቅ ዋና ምክንያት ነው። እግሩ የሚያብጥ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ጫማውን ካወለቀ በኋላ ውስጥ እግሩ ቁስል እንዳለበት ይመለከታል።

5. ድካምን መለካትና መተንፈስ

ድካም ከ0 እስከ 10 ይለካል፤ 0 ዝም ብሎ መቀመጥ፣ 10 ጨርሶ አለመቻል ነው። የልብ ታማሚ ጀማሪ ከ3 እስከ 4 ላይ ይቆያል። መለኪያው ንግግር ነው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከተቻለ መጠኑ ደህና ነው፤ በየሁለት ቃሉ መተንፈስ ካስፈለገ በዝቷል።

የአተነፋፈሱ ደንብ አጭር ነው። ሲከብድ አየር ይወጣል፣ ሲቀል ይገባል። ከወንበር ሲነሱ ከንፈርን ሾል አድርጎ "ፉ" ማለት፤ ሲቀመጡ በአፍንጫ መሳብ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር። "አንድ… ሁለት… ሦስት…" እያለ የሚነሳ ሰው ትንፋሹን መቋጠር አይችልም። ቁጥሩ ጉሮሮው ላይ ታፍኖ ከወጣ ወይም ፊቱ ከቀላና የአንገቱ ሥር ከተገተረ እያማጠ ነው፤ ሸክሙ ይቀነሳል። ቤተሰብ ማየት ያለበትም ይህንኑ ነው። ዕቃን ጭብጥ አድርጎ መጨበጥም ግፊትን ስለሚጨምር ጣቶች ላላ ብለው ይያዛሉ።

6. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ መራመድ ብቻ

ሸክም ከመነሳቱ በፊት ሰውነት መንቀሳቀስን ይለምዳል። በቀን አምስት ደቂቃ ሜዳ ላይ መራመድ ይበቃል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። በከተሞቹ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ያለው ጀፎረ የሚባለው ጎዳና ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፦ ሰፊ ነው፣ ሣሩ ለጉልበት ይለሰልሳል፣ አረፍ ሲባልም ጥላ አይጠፋም። አስፋልት ዳር መራመድ ባጃጅና መኪና ስላለበት ቀልብን ይበትናል። በቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚያቀናውን ዳገት መያዝ፣ በክረምት በጭቃ መራመድ ለዚህ ደረጃ አይሆንም። ወልቂጤ ወደ 1,900፣ ቡታጅራ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ከቆላ ወይም ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሳምንት ከሌላው ቀሰስ ብሎ ያሳልፋል።

አሥራ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ፣ እያወራ መራመድ የቻለ ሰው ወደ ቀጣዩ ያልፋል። በሁለት ሳምንት ያልደረሰ አራት ሳምንት ቢፈጅበት ምንም አይደለም።

7. አራቱ እንቅስቃሴዎች

በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራሉ፤ በመካከል ቢያንስ ሁለት ቀን ዕረፍት ይኖራል፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ። ከመጀመሩ በፊት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ ግድ ነው፤ የልብ ደም ሥሮች ቀስ ብለው እንዲከፈቱ ይረዳል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በአንድ ዙር 8 ጊዜ ይደረጋል፤ ለመነሻ አንድ ዙር ብቻ። በእንቅስቃሴዎቹ መካከል ሁለት ደቂቃ ወይም ትንፋሽ እስኪመለስ ይቀመጣል።

ሀ. ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። ከአራቱ አንድ ብቻ ይመረጥ ቢባል የሚመረጠው ይህ ነው፤ ሽንት ቤት መጠቀምና ከመኪና መውረድ በዚሁ ጡንቻ ይሠራሉና። ወንበሩ ላይ ጋቢ ታጥፎ ይደረጋል፤ ከፍ ባለ መጠን ይቀላል። እግር በትከሻ ስፋት፣ ተረከዝ ከጉልበት ጥቂት ወደ ኋላ። ደረት ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ "ፉ" እየተባለ በሁለት ቁጥር ይነሳል፣ በሦስት ቁጥር ቀስ ተብሎ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሰሞን በእጅ ጭንን መግፋት ይፈቀዳል። ዘፍ ብሎ መቀመጥ ስህተት ነው፤ ወገብን ይጎዳል፣ ግማሹን ጥቅምም ያስቀራል። ጉልበት ወደ ውስጥ ከተጠጋጋ እግር ጥቂት ይሰፋል። ጉልበት የሚያም ከሆነ ጋቢው ሁለት ይደረጋል።

ለ. ግድግዳ መግፋት። መሬት ላይ የሚደረገው ፑሽ አፕ ለዚህ ሰው አይሆንም፤ ግድግዳው ግን ይሆናል። በክንድ ርቀት ተቁሞ መዳፍ በደረት ትክክል ይደረጋል፤ በሦስት ቁጥር ወደ ግድግዳው መጠጋት፣ በሁለት ቁጥር እየተነፈሱ መግፋት። እጅ ከትከሻ በላይ አይሰቀልም።

ሐ. መጎተት። ካላማዳሪው በቤቱ ምሰሶ ወይም በጠንካራ የመስኮት ብረት ላይ ይዞራል። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሁለቱ ጫፎች ወደ ጎድን ይሳባሉ፤ ክርን ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ወይም ባጃጅ መሪ ላይ ጎብጦ ለሚውል ሰው ይህ ጀርባን ያቀናል።

መ. ተረከዝ ማንሳት። ግድግዳ ተይዞ በእግር ጣት መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ። የባት ጡንቻ ደምን ወደ ልብ መልሶ ስለሚገፋ፣ ቆመው ለሚውሉ ሰዎች ይጠቅማል።

በጀርባ ተኝቶ መነሳት፣ ፕላንክ፣ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ መቆየትና ጭንቅላትን ከልብ በታች ማድረግ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ደርቆ መቆየት ያስምጣል፤ ወለል ላይ መተኛትም ልቡ የደከመን ሰው ያፍነዋል፣ ከዚያ መነሳቱም ሌላ ትግል ነው።

እንሰት የምትፍቅ ሴት እግሯን ሽቅብ አንስታ ላንፋውን ከጣውላው ጋር ተጭና ስትይዝ፣ በእጇ ደግሞ ወደ ታች ስትፍቅ ጭኗም ክንዷም ደርቆ ይሠራል፣ ትንፋሿም ይቋጠራል። ይህ ከየትኛውም የጂም ብረት አይተናነስም። የልብ ሕመም ያለባት ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ብትተው ይሻላል፤ ካልተቻለ ያ ቀን የልምምድ ቀን አይሆንም፣ እየፋቀችም መቁጠርንና ማረፍን ትለምዳለች። ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ አዝሎ ማምጣትም እንዲሁ ከሃያ ኪሎ በላይ ነው፤ ለሁለት አምስት ሊትር ተከፍሎ፣ በሁለት እጅ ተመዛዝኖ፣ ሁለቴ ቢመላለሱ ይመረጣል።

8. ሸክም መጨመር

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨመራል። መጀመሪያ ቁጥሩ ከ8 ወደ 10፣ 12፣ 15 ያድጋል። 15ቱ በድካም መለኪያው ከ4 ሳያልፍ ሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን ከተሠራ ሁለተኛ ዙር ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሃይላንዶቹ በእጅ ይያዛሉ፤ ወይም የወንበሩ ጋቢ ይነሳል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማድረግ አይፈቀድም። ቁጥር፣ ሸክምና የድካም መጠን በደብተር ይጻፋሉ፤ ደብተሩ በቀጠሮ ቀን ለሐኪም ይታያል።

ጂም መግባት የፈለገ ሰው ሦስት ወር ከሞላው በኋላ ቢሄድ ጥሩ ነው። ለአሰልጣኙ ሕመሙንና መድኃኒቱን ሳይደብቅ ይነግራል፤ "ትንሽ ግፊት አለብኝ" ማለት አይበቃም። ከጎኑ ካለው ወጣት ጋር አይፎካከርም። ሰውነትን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማላብ ስብ አያወጣም፤ የሚወጣው ውኃ ነው፣ ውኃውም የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስድ ሰው በጣም ያስፈልገዋል። ኃይል ይሰጣሉ ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶች ልብን የሚያፋጥን ነገር ሊኖርባቸው ስለሚችል ሐኪም ሳያያቸው አይነኩም።

9. ምግብ፣ ጾምና በዓል

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቆጮው ጎን ቅቤ ያልበዛበት አይብ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ ወይም እንቁላል ይጨመራል፣ የቆጮው መጠን ይቀንሳል። ክትፎ የተመረጠ ሰው ቅቤውንና ጨው ያለበትን ሚጥሚጣ ያሳንሳል፤ ጨው ውኃ ይዞ ልብን ያስጨንቃል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ስለ ጎመን ማወቅ አለበት። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው። ወር ሙሉ ሳይነኩት ቆይተው ለመስቀል ጎመን ክትፎ በገፍ መብላት ነው የደም ምርመራውን የሚያዛባው።

በዓቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን እንቅስቃሴው አይቋረጥም፤ ይቀንሳል እንጂ። የሚሠራው ከተበላ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፣ አንድ ዙር ብቻ። የመድኃኒት ሰዓት የሚለወጠው ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ነው። ከመስቀልና ከአረፋ ድግስ በኋላ ባሉት ቀናት መራመድ ብቻ ይበቃል።

10. መቆም ያለበት መቼ ነው

ደረት ላይ መጫን፣ መጨምደድ ወይም ማቃጠል፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዞር፣ የልብ ምት መዘበራረቅ፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ወዲያው ይቆማል፣ ይቀመጣል። ከምላስ ሥር የሚደረግ መድኃኒት የታዘዘለት ይወስዳል። አምስት ደቂቃ ውስጥ ካልለቀቀ አምቡላንስ ይጠራል፤ በሞተር ወይም በእግር መሄድ አይሞከርም። "ጨጓራዬ ነው"፣ "ብርድ መታኝ" እያሉ ዝንጅብል እያፈሉ ማደር ሰው ያሳጣል። በሴቶችና በስኳር ታማሚዎች ደረት ላይ ሕመም ሳይኖር ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊታይ ይችላል።

ሌላው ምልክት የሚመጣው በማግስቱ ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘናል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ ወይም ማታ አንድ ትራስ ካልተጨመረ እንቅልፍ እምቢ ካለው የተጠራቀመው ውኃ ነው፤ ልምምዱ ቆሞ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ጭን ላይ የሚሰማ መለስተኛ የጡንቻ ሕመም ግን በሁለት ቀን ውስጥ የሚለቅ ከሆነ አያሳስብም።

11. ተቋርጦ ሲጀመር

ጉንፋን፣ ልቅሶ፣ ጉዞ ወይም የመኸር ሥራ ልምምዱን ያቋርጣል። አንድ ሳምንት የቀረ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቀረ ሸክሙንም ቁጥሩንም በግማሽ ቀንሶ ይጀምራል፤ ትኩሳት ከነበረበት ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይጠብቃል። ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ወይም መድኃኒቱ የተቀየረለት ሰው ደብተሩን ይዞ እንደገና ከደረጃ 1 ይነሳል።